የየሺ ሻንጣ

ባለፈው ወር ልጄ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አያት ነበር። ዩኒቨርሲቲ የደረሳት ሰመራ ነው። ልብሷን እንደ እኛ አታጣጥፍም፤ ስልኳ ላይ ባየችው ዘዴ አንድ በአንድ እየጠቀለለች ትደረድራለች። ቦታ ይቆጥባል ትላለች። ለእኔ ያልታጠፈ ልብስ የታጨቀ እንጂ የተዘጋጀ አይመስለኝም፤ ቢሆንም እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። በመሀል ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ አንቺ እኮ እዚያ ኖረሻል፤ ምን ምን ልያዝ?» አለችኝ። ሹራቡን አውጪው፣ ስስ የጥጥ ልብስ ጨምሪ፣ ነጠላ ጫማ አትርሺ አልኳት። ከዚያ ድስት ጥጃለሁ ብዬ ወጣሁ። የተጣደ ድስት አልነበረም። ጓዳ ቆሜ የማስበው ስለ ሌላ ሻንጣ ነበር።

እኔም ወደዚያ አገር የወረድኩት ወጣት ሆኜ፣ የታይፕ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስመደብ ነው። ያን ጊዜ ሰመራ ከተማ ትሆናለች ተብሎ የተነገራት ሜዳ ነበረች፤ ጥቂት የመንግሥት ቢሮዎች፣ ጥቁር ድንጋይና ማባሪያ የሌለው ነፋስ። የሚከራይ ቤት ስላልነበረ አብዛኛው ሠራተኛ የሚያድረው ሎግያ ነው። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ከባድ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ስለዞረ፣ ሎግያ ቀንም ሌሊትም የናፍጣና የተጠበሰ የፍየል ሥጋ ሽታ አይለያትም ነበር። ቢሮ የምንገባው ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ነው፤ ቀትር ላይ ሁሉም በየጥላው ተዘርሮ ይውልና አመሻሽ ላይ ይመለሳል። ለእኔ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ሳይሆን ቅጣት ነበሩ።

እናቴ የደብረ ሲና ሰው ናት። የአገሩን ሁሉ አየር የምትለካው በራሷ ደጅ ብርድ ስለሆነ፣ ሻንጣዬን ስታዘጋጅልኝ ጋቢ፣ ሁለት ሹራብና የሱፍ ካልሲ አስገብታልኝ ነበር። ሎግያ ደርሼ ስከፍተው አብሬያት እንድኖር የተመደብኩባት ልጅ አየችና በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እናትሽ ወዴት መስሏቸው ነው የላኩሽ?» አለችኝ። የሺ ትባላለች። እንደ እኔ ታይፒስት ነበረች፤ ተወልዳ ያደገችው አዋሽ ሰባት ኪሎ ስለሆነ ሙቀቱ ብዙም እንግዳዋ አልነበረም። በዚያው ቀን ከራሷ ልብስ መሀል ስስ ቀሚስ አውጥታ አለበሰችኝ። ሹራቦቼን ጠቅልላ ትራስ አደረገቻቸው፤ ጋቢው ደግሞ ግቢው ውስጥ የምናድርበት የገመድ አልጋ ላይ ተነጠፈ።

ልብሳችን መቀላቀል የጀመረው በዚያ ቀሚስ ነው። ቁመታችንም ውፍረታችንም አንድ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እናጥባለን፤ የመጨረሻውን አስጥተን ሳንጨርስ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀናል። የደረቀውን አጣጥፈን የምናስቀምጠው የየሺ ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ የእኔ ሻንጣ የመኮሮኒና የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል። ጠዋት ቀድማ የተነሳች መርጣ ትለብሳለች። ዘግይታ የተነሳችው «እሱን እኮ እኔ ነበርኩ ላደርገው ያሰብኩት» ብላ ታኮርፋለች፤ ኩርፊያው ግን ምሳ ላይ አይደርስም። አከራያችን ፋጡማ የምትባል የአፋር ሴት ነበረች። ከጀርባ ካየችን ማንኛችን እንደሆንን መለየት ስላቃታት ስማችንን መጥራት ትታ ሁለታችንንም «ልጄ» ትለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባል አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ ኖሬአለሁ፤ ግን ከማንም ጋር እንደዚያ ያለ ስሌት የሌለው ኑሮ ኖሬ አላውቅም።

የየሺ አባት የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ሕፃን ሆና ነው የሞቱባት። እናቷ እትዬ ባዩሽ እሷኑ ብቻ ይዘው ቀሩ። ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ላይ፣ ባቡር በሌለበት ቀን አውቶቡሶች የሚያርፉበት ጋ፣ ሻይና የተቀቀለ እንቁላል እየሸጡ አሳደጓት። አንድ ፋሲካ የሺ ይዛኝ ሄዳ ነበር። እትዬ ባዩሽ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁጭ የማይሉ ሴት ናቸው። ስንመለስ ፓፓያ በጋዜጣ ጠቅልለው አሸከሙን። ለፋጡማ ያሉትን ጭምር ገዋኔ ሳንደርስ በልተን ጨረስነው፤ ጭማቂው ቀሚሳችን ላይ ፈሶ እስከ ሎግያ ዝንቡን ስናባርር ሄድን።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ መስከረም ላይ ወባ ይነሳል። የሺ ራሷን ያማት ጀመር። ወባ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃት በሽታ ስለሆነች አልፈራቻትም፤ ነገ ይለቀኛል እያለች ሥራ ገባች። መቃዠት ስትጀምር በቢሮው መኪና ዱብቲ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ሕመሙ ግን ወደ ጭንቅላቷ ወጥቶ ነበር። እኔ ከአጠገቧ አልተለየሁም። የለበስኩት በቅርቡ ከሎግያ ሱቅ የገዛሁትን ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር። ያ ሸሚዝ ገና አዲስ ስለሆነ የሺ አልደረሰችበትም። ሳላወልቀው አደርኩበት፣ ዋልኩበት፣ ደግሞ አደርኩበት። አንገቷን ደግፌ ውኃ ስሰጣት ጥቂት ትጎነጭና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ትተኛለች። አንድ እሑድ ጠዋት እንደዚያው ተኝታ ቀረች።

በዚያ ሙቀት አስከሬን አዋሽ ድረስ ማድረስ የሚታሰብ አልነበረም። እዚያው ዱብቲ ተቀበረች። የተሸከሟት ከጥጥ እርሻው የመጡ፣ ስሟን እንኳ የማያውቁ የወሎና የጎጃም ልጆች ናቸው፤ የአገር ሰው ሞተ ሲባል ሰምተው ከነሥራ ልብሳቸው የመጡ። እኔ ማልቀስም አቅቶኝ ነበር። ደጋግሞ የሚመጣብኝ እትዬ ባዩሽ በዚያች ሰዓት አዋሽ ላይ ምንም ሳያውቁ እንቁላል ሲልጡ ነው።

አለቃችን ጋሽ ታደሰ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም አሉ። መርዶው በወጉ፣ በማለዳ፣ ጎረቤት ባለበት እንዲነገር አዋሽ ለሚኖሩ አንድ ዘመዷ በሹፌር እጅ መልእክት ላኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልብሷን አዘጋጂ» አሉኝ። «ሬሳዋን አላዩም፣ መቃብሯንም አላዩም። ይዘው የሚያለቅሱት ነገር ይኑራቸው።»

ሎግያ ተመልሼ ሻንጣውን ከፈትኩት። ፋጡማ ኢናሊላሂ እያለች አጠገቤ ተቀመጠች። እያንዳንዱን አንስታ «ይሄ የሷ ነው?» ትለኛለች። የመጀመሪያዎቹን መለስኩ፤ ቀጥሎ ግን ጠፋብኝ። አንዱን ቀሚስ የገዛችው እሷ ናት፣ ያሳጠርኩት እኔ፣ አዘውትሬ የለበስኩትም እኔ ነኝ፤ የማን ይባላል? አንዱን ጉርድ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ለማንኛችን እንደሰጠ እንኳ ያኔም አልተግባባንም ነበር። ለራሴ ላስቀር ብዬ አንዳንዱን ወደ ጎን አደረግሁ፤ እውነቱን ለመናገር ልብሱን ፈልጌ ሳይሆን እሷን ፈልጌ ነው። ፋጡማ አየችኝና፣ «ወላሂ ልጄ፣ ከሟች እናት ጋር አይካፈሉም። የተጠራጠርሽውን ሁሉ ለሳቸው አድርጊው» አለችኝ። ስለዚህ ሁሉንም አስገባሁ። እረፍት ወጥታ አገሯ እንደምትሄድ ልጅ እያስተካከልኩ አጠፍኩት፤ ከመታመሟ በፊት በነበረው ቅዳሜ ታጥቦ የደረቀ ንጹሕ ልብስ ነበር። ከዚያ ሰማያዊውን ሸሚዝ አውልቄ አልጋው ላይ ጣልኩና ገላዬን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ ፋጡማ ሻንጣውን ዘግታው ነበር። ሸሚዙን ልብ አላልኩትም።

ጋሽ ታደሰ የቢሮውን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው አብረውኝ ሄዱ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ሻንጣውን ይዘን እንዳንወርድ አስጠነቀቁ። እትዬ ባዩሽ አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ስለሚውሉ ሻንጣውን ካዩት ያለቀለት ነገር ነው። ስለዚህ ቀድመን አዋሽ አርባ ላይ ወርደን አደርን። ጎህ ሲቀድ ዘመዷ ከሰበሰቧቸው ጎረቤቶች ጋር ተገናኝተን ወደ ቤታቸው ሄድን። እትዬ ባዩሽ ለሻይ ከሰል እያራገቡ ነበር። ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ጎረቤቶቻቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቀጥለውም ከኋላዬ ፈለጉ።

«የሺስ?» አሉኝ።

ማርገብገቢያው ከእጃቸው ሲወድቅ አየሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጽፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ሻንጣውን ከፈቱት። ከላይ የተቀመጠው ሰማያዊው ሸሚዜ ነበር። ፋጡማ አልጋው ላይ አግኝታው፣ የተረሳ መስሏት፣ አጥፋ ጨምራዋለች። እትዬ ባዩሽ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አንስተው አሸተቱ፤ ሁሉም ሳሙና ሳሙና ይላል። ሸሚዙን ሲያነሱ ግን ፊታቸውን ቀብረው ቆዩ። «ይሄ አልታጠበም። የልጄ ጠረን አለበት» አሉ። ሰው ሊቀበላቸው ሲል ደረታቸው ውስጥ ወሸቁት። ያ ጠረን የእኔ ነበር። የሆስፒታሉ ላብ፣ ያላለቀስኩት ለቅሶ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከሰዎች መሀል ተቀምጬ መሬት መሬቱን አየሁ።

በአርባዋ ፈቃድ አጥቼ ቀረሁ። ለሙት ዓመቷ ግን ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስጠበስ ውዬ፣ አቧራና ላብ ለብሼ ቤታቸው ደረስኩ። እትዬ ባዩሽ በጣም ከስተዋል። አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝና አንገቴ ሥር ሲደርሱ ቆም አሉ። እንደገና ተጠግተው አሸተቱኝ። ከዚያ ሁለት ክንዶቼን ይዘው ፊቴን ብዙ አዩኝ። አስገብተው ውኃ ሰጡኝ፣ ራት አቀረቡልኝ፤ እሳቸው ግን አልበሉም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ እንግዳውም በልቶ ከሄደ በኋላ፣ ከራስጌያቸው ጥብቅ ተደርጎ የተቋጠረ ፌስታል አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ሸሚዙ ነበር። ጠረኑ እንዳይሄድ አፍነው ዓመት አቆይተውታል።

«ያንቺ ነው?» አሉኝ።

ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። «የእኔ ነው፣ እትዬ።»

«እሷ ለብሳው ታውቃለች?»

«አልለበሰችውም።»

ከውጭ የከባድ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። «የሷን ሁሉ አርባዋ ላይ ለነዳያን ሰጠሁት» አሉ። «ታጥቧል፣ ከሷ የቀረበት ነገር የለም ብዬ። ይሄን ብቻ ነው ያስቀረሁት።»

ያን ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዱብቲን፣ የሆስፒታሉን አልጋ፣ ፋጡማን፣ ሻንጣውን። ስለ ሻንጣው ብዙም አልጠየቁኝም። ስለ ሆስፒታሉ ግን ደጋግመው ጠየቁ፤ እስከዚያ ቀን ማንም በዝርዝር አልነገራቸውም ነበር። እናቷን ጠርታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጠርታለች አልኳቸው፤ እውነት ነው። ውኃ ማን ይሰጣት እንደነበር ጠየቁኝ። ሸሚዙን ዘርግቼ፣ ይሄን ለብሼ እኔ ነበርኩ የምሰጣት፣ ጠጥታ ስትደክም ራሷን እዚህ ጋ ታሳርፍ ነበር ብዬ ትከሻውን አሳየኋቸው።

እትዬ ባዩሽ መዳፋቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። «እንግዲያው ነክታዋለች» አሉ። መልሰው አጣጥፈው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱትና ቋጠሩት። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ እሄድ ነበር፤ ስለ ሸሚዙ ግን ዳግመኛ አላነሳንም።

ልጄ ሄደች። ባለፈው እሑድ ደውላ ሙቀቱን አማረረች፣ የካፌውን ምግብ አማረረች፣ ከዚያ ድምጿ ፈካ አለ። አብራት የምታድረው ልጅ ከጅማ የመጣች ናት አሉ፤ ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ልብስ መዋዋስ ጀምረዋል። «ዛሬ የለበስኩት የሷን ነው፤ ብታዪው እንዴት እንደሚያምርብኝ» አለችኝ። ተዪ፣ አትቀላቅሉ የሚል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። በሕይወቴ ካገኘሁት ሁሉ ደጉን ነገር ልጄን እንዴት ልከልክላት? ያምርብሽ አልኳት። ቀጥዬ የጓደኛዋን ስም ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። የእናቷንስ ስም አልኳት። ጅማ የት ሠፈር ነው የሚኖሩት?

«እማዬ ደግሞ፣ እናቷ ለምንሽ ናቸው?» ብላ ሳቀች።

«ዝም ብለሽ ጠይቂልኝ» አልኳት።