ስቱማሪ በሁዳዴ

አባቴ ጆርጂያ ተምሮ ከተመለሰ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። ቋንቋው ቀስ በቀስ ጠፍቶበት አንድ ቃል ብቻ ቀረው፤ ስቱማሪ። እንግዳ ማለት ነው። «እንግዳ የእግዜር ነው ይላሉ፣ ልክ እንደኛ» ይለናል። አንዴ ቃሉ ከየት እንደመጣ ብጠይቀው፣ «እንግዳ ሳይበላ ከየት መጣህ ይባላል እንዴ? ስድ» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ቃሉን የተማረው ታሞ ነው። ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ የማታውቀው አንዲት ሴትዮ ቤቷ ወስዳ ሁለት ወር ሙሉ ሾርባ እያጠጣች አዳነችው። ጎረቤት «ማነው?» ሲላት «ስቱማሪዬ ነው» ትል ነበር። ሴትዮዋ ሞታለች። አባቴ «ውለታዋን ሳልመልስ» እያለ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ዘንድሮ ልጇ ለሥራ አዲስ አበባ መጣና ደወለ። ቅዳሜ ምሳ እኛ ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ተባለ። አባቴ ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ወሩ ሁዳዴ ነው። እማዬ «ይጾም ይሆን?» ብትል፣ «እዚያ የሚጾም ሰው በዓይኔ አላየሁም» አላት። እሱ የነበረበት ዘመን ኮሚኒስቶች ቤተ ክርስቲያን የሚዘጉበት ዘመን እንደነበር ማናችንም አላሰብንም።

እኔ ምስኪኗ በጾም ዶሮ ታቅፌ ከሳሪስ ታክሲ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እስክወርድ ድረስ እያዩኝ አማተቡ። እማዬም ወጡን ሳትቀምስ ሠራች፤ ጨዉን በአፍንጫዋ ነው የለካችው።

እንግዳው ጎልማሳ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዶሮው ሲቀርብለት አየውና እጁን ሰበሰበ። «እናንተስ?» አለ በእንግሊዝኛ። እንጾማለን አልነው። አቀርቅሮ፣ «እኔም እጾማለሁ» አለ።

አባቴ ክው አለ። እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላው። እማዬ ግን ዶሮውን አነሳችና ለራሳችን የሠራችውን ሽሮ አመጣች። ከአንድ ትሪ በላን። ሰውዬው እንጀራውን እየበጣጠሰ ሲያጠቅስ ሽሮው ጣቱን ቢያቃጥለው ሳቅን፣ እሱም ሳቀ።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ጠቅልሎ አጎረሰው። ወዲያው «አንድማ ያጣላል» ብሎ ሌላ ጠቀለለ። እጁ መሃል ላይ ቆመ።

«ይቺ የእናትህ ናት» አለው በአማርኛ።

አልተረጎምኩለትም። ሰውዬው የአባቴን ፊት አየና አፉን ከፈተ።