የጋሽ ኑርሁሴን መስታወት

ባለፈው ሳምንት ልጄ እንጅባራ ወዳሠራችው ቤት ሄጄ ነበር። ቀለም ቀቢው ወጣት ግድግዳውን ጨርሶ፣ መስኮቱ ላይ የተፈናጠቀውን ቀለም በምላጭ በደረቁ ይፍቃል። ድምፁ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ አርጥበው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና «የት ተማሩት እማማ?» አለኝ። «ዳንግላ» አልኩት። ሥራ ላይ ነበርና ሙሉውን ልነግረው አልቻልኩም። እዚህ ልጻፈው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ዳንግላ ወላጆቼ ቤት ተቀምጫለሁ። የምችለው ነገር ቢኖር መሳል ነው። ጳጉሜን ሲገባ የሱቆችን መስታወት በአደይ አበባና በ«እንኳን አደረሳችሁ» አስጌጥ ነበር። በውሃ ቀለም ስለምሠራ በዓሉ ሲያልፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ጋሽ ኑርሁሴን ፎቶ ቤት ነበራቸው። ግድግዳው ላይ የሰው ቁመት ያህል መስታወት ተሰቅሏል። ከባሕር ዳር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጭነት መኪና ላይ እስከ ዳንግላ ድረስ ደግፈው ያመጡት ነው። ለገበያ የመጡ የገጠር ሰዎች ፎቶ ከመነሣታቸው በፊት ፊቱ ይቆማሉ። ሙሉ ቁመናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ብዙ ነበሩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወደ ጎን ዞር ብላ፣ «እንዲህ ነኝ እንዴ?» ስትል ሰምቻለሁ፤ በአዊኛ፣ ለራሷ።

ያን ዓመት ዝናቡ አልለቅ ብሎ አየሩ ሁሉ እርጥብ ነበር። የውሃ ቀለሙ እየወረደ ሲያስቸግረኝ፣ አጎቴ በር ከቀባበት የተረፈ የዘይት ቀለም አምጥቼ የጋሽ ኑርሁሴንን መስታወት ከላይ በኩል አስጌጥኩበት። አበባው አማረ። ጋሽ ኑርሁሴን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩትና «የቀረው ሽታው ብቻ ነው» አሉኝ። እኔ ኩራቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ፊልም ሊገዙ ወደ ባሕር ዳር ሲነሡ ቁልፉን ሰጡኝ። «እስክመለስ መስታወቱን አጽጂው፤ እሑድ ሠርገኞች ይመጣሉ» አሉ።

በውሃ ሞከርኩ፤ አልለቅ አለ። በሳሙና አሸሁት፤ ያው ነው። ሲጨንቀኝ ከቤት የድስት መፈተጊያ ሽቦ አምጥቼ ፈተግሁት። ቀለሙ መነሣት ሲጀምር ደስ አለኝ። በጨርቅ ጠርጌ ብመለከት ፊቴ ላይ ጭረት አየሁ። ፊቴን ዳሰስኩ፤ ምንም የለም። ጭረቱ መስታወቱ ላይ ነበር፣ ልክ ሰው ፊቱን በሚያይበት ቦታ።

ቁልፉን ለባለቤታቸው ሰጥቼ፣ ምንም ሳልናገር ወደ አዲስ ቅዳም ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ድንች ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልኝ፤ በጣም የምወደው ምግብ ነው፤ አልወርድ አለኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ናፍቀሽኝ» አልኳት። እንዳላመነችኝ ታውቆኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ከሰል የጫኑ ጋሪዎች በጭቃው ሲያልፉ ከደጃፍ እያየሁ ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኑርሁሴን በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ያለሁበትን ከወላጆቼ ጠይቀው ሲመጡ መኪናውን መንገድ ላይ ጭቃ ስለያዘው የቀረውን በእግራቸው ነው የመጡት። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ እንጂ ቀና ማለት አልቻልኩም።

«ጋሽዬ፣ መስታወትዎን አበላሸሁት።»

«አይቻለሁ። እሱ የትም አልሄደም። የጠፋሽብኝ አንቺ ነሽ» አሉ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው «የሚበላ ነገር ይኖርሻል?» ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ ዳንግላ ተመልሰን የቀረውን ቀለም አብረን አነሣን። በሙቅ የሳሙና ውሃ የተነከረ ጨርቅ ቀለሙ ላይ ለጥፈው እስኪላላ ጠበቁ። ከዚያ አዲስ ምላጭ መስታወቱ ላይ አስተኝተው በአንድ አቅጣጫ በቀስታ ገፉት። ቀለሙ እንደ ልጣጭ ተነሣ። «መስታወቱ እርጥብ ይሁን፤ ምላጩ ይተኛ፤ አንቺም አትቸኩዪ» ብለው ምላጩን ሰጡኝ። ሁለት ጊዜ አስተኝቼ መልሼ አነሣሁት። እሳቸው እንዳላዩ ሆነው መንገዱን ይመለከቱ ጀመር።

ጭረቱ ግን ቀረ። «አበባ ልሣልበትና ልሸፍነው?» አልኳቸው።

«ሙሽራዋ አበባ ልታይ አይደለም የምትመጣው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ» አሉኝ። መስታወቱን አወረድነው፤ የላዩን ወደ ታች ገልብጠን መልሰን ሰቀልነው። ጭረቱ ጫማ ጋ ወረደ። እሑድ ሙሽራዋ ፊቱ ቆማ ቬሎዋን አስተካከለች። ጫማዋን ያየ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ዛሬ የራሴ የማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት አለኝ። እኔም ዕቃ ያበላሹብኝ ሠራተኞች ነበሩኝ፤ አፍረው የቀሩም አሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳቸውንም ሄጄ አልፈለግኩም። ምላጭ አያያዝ ከማንም ይማሩታል። በዚያ ጭቃ በእግሩ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ስንቱን ያጋጥመዋል?

ትናንት በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ። ጋሽ ኑርሁሴን አርጅተዋል፤ ልጃቸው ቤት ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸውን ስሜ «አመሰግንዎታለሁ» አልኳቸው።

«ለምኑ?» አሉኝ።

ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ፤ ረስተውታል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።