ስምንት ቁጥር ፑንታ በጀብራ

ይህ የደረሰብኝ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ካርቱም ጀብራ ሰፈር በሰራተኝነት እሠራበት በነበረው ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አየሁ። ያን ቀን ግን አልረሳውም፤ በሰው ቤት ስኖር ለመጀመሪያ ጊዜ "አይደለም!" ያልኩበት ቀን ነውና። የማልረሳበት ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱ ግን ብዙም አያኮራኝም።

ስሜ ሰዓዳ ይባላል፤ ያደግሁት ደሴ ነው። አጎቴ የኩሽና ቁም ሳጥን እየሠራ በየሰው ቤት ይገጥም ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እቃ የማቀብለው እኔ ነኝ። የድሪሉን መብሻ ብረት፣ ፑንታውን፣ በቁጥር እየለየሁ እሰጠዋለሁ፣ ድሪሉ ሲበሳ የሚወርደውን አቧራ በወረቀት እቀበላለሁ። "አቧራውን እዪ" ይለኛል ሁልጊዜ። ግራጫ ከሆነ ገና ልስኑ ላይ ነሽ፤ ቀይ ከሆነ ጡቡ ጋ ደርሰሻል። ቀዩ ተመልሶ ግራጫ ሆኖ ፑንታው ስምጥ ካለ የሁለት ጡብ መጋጠሚያ ውስጥ ገብተሻል፣ ቦታ ቀይሪ። ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ፊሸር የምንለው፣ ቁጥሩ ከፑንታው ጋር እኩል ይሁን። በመዶሻ ካልተመታ የማይገባ ነው ጥሩው፤ በጣት ከገባ በጣት ይወጣል። ይህን ሁሉ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

የቤቱ እመቤት ሲት ኢህሳን ትባላለች። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ግን ቁጣዋ ከእውነት ይቀድማል። የባሏ እናት ሐጃ ዘይነብ ከእነሱ ጋር ይኖሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ኩሽና ውስጥ፣ በንበር በሚሉት በገመድ የተጠለፈ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሥራዬን ያዩልኛል፣ ያወሩኛል፣ ወጡ ጨው ሲያንሰው ይቆጡኛል።

ሱዳኖች ረመዳን ሲመጣ ቤታቸውን ያድሳሉ። ያን ዓመት ሲት ኢህሳን ለኩሽናው ግድግዳ አዲስ ተንጠልጣይ ቁም ሳጥን አሠራች። የሚሰቀለው ልክ ከሐጃ መቀመጫ በላይ ነበር። የሚገጥመው ኡስታ ዓዋድ የተባለ፣ በሰፈሩ ስም ያለው ባለሙያ ነው፤ ኡስታ የሚሉት ባለሙያን ነው።

እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ ዓይኔ ግን ከእጁ አልተነቀለም። ፊሸሮቹ ስምንት ቁጥር ናቸው። ያወጣው ፑንታ ግን አሥር ነው። በሳ። ግራጫ አቧራ ወረደ፣ ከዚያ ትንሽ ቀይ፣ ከዚያ ተመልሶ ግራጫ። ፊሸሩን በአውራ ጣቱ ገፋው፤ ገባለት። ስለላላበት ከኪሱ ክብሪት አወጣና እንጨቱን እየሰበረ ጎን ጎኑን ጠቀጠቀ። አራቱንም ቀዳዳ እንዲሁ አደረገ።

"ያ ኡስታ፣ ስምንት ፑንታ የለህም?" የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ከአገር ስወጣ ቀድመውኝ ተሰደው የተመለሱ ሴቶች የሰጡኝ ምክር አንድ ነበር፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔ ማን ሆኜ ነው ኡስታን የማርመው ብዬ ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ።

በአራተኛው ቀን ሐጃ ሻያቸውን ጨርሰው ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ተነሱ። ከኩሽናው በር ገና አልራቁም። ከኋላዬ አንድ የመሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ቤቱ የፈረሰ መሰለኝ። ስዞር ቁም ሳጥኑ ወለሉ ላይ በአፉ ተደፍቷል። በንበሩ ከሥሩ ተሰባብሯል። ብርጭቆው ሁሉ ደቅቆ እስከ እግሬ ድረስ ተበትኗል። ቆሌዬ ተገፈፈ። ሐጃ በሩን ይዘው ቆመው ሰባራውን በንበር ያያሉ።

ሲት ኢህሳን ከግቢ ሮጣ ገባች። ሕሉ ሙር የሚባለውን የረመዳን መጠጥ አብራት ልታዘጋጅ የመጣችው ጎረቤቷ ሲት ቡሰይና ተከተለቻት። ሲት ኢህሳን ሐጃን ዳሰሰቻቸው፣ ደህና መሆናቸውን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ጫንሽበት? ተንጠልጥለሽበት ነው አይደል? ወላሂ ልትገድያቸው ነበር! ነፍሰ ገዳይ!"

ይህን ያለችው ሲት ቡሰይና ፊት ነው። ሲት ቡሰይና የሰማችውን ጀብራ በሙሉ እስከ ማታው መግሪብ ሶላት ይሰማዋል። አሮጊት ልትገድል ነበር የተባለች ሐበሻ ደግሞ ሁለተኛ የማንንም በር አታንኳኳም። እጄን የማሳርፍበት ሌላ ሥራ፣ ዴም ሰፈር ካለችው የኪራይ ክፍሌ በቀር ሌላ መጠጊያ አልነበረኝም።

ኡስታ ዓዋድ ተጠርቶ መጣ። ግድግዳውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየኝ።

"ዱቄት ጭናበት ነው" አለ። "የእኔ ሥራ አይወድቅም። ሐበሺያዋ ሊሸከመው የማይችል ነገር አስቀመጠችበት። ማዕሌሽ፣ ችግር የለም፣ እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሼ አጠብቀዋለሁ።"

እዚያው ቀዳዳ ላይ! ሐጃ ነገ ሌላ በንበር አስመጥተው እዚያው ሊቀመጡ! ደሜ ፈላ። ጎንበስ ብዬ ከስብርባሪው መሃል አንዱን ብሎን አነሳሁ። ፊሸሩ ሳይጫጫር፣ ልክ ከሱቅ እንደወጣ፣ ብሎኑ ላይ ተሰክቶ ወጥቷል። የክብሪቱ ስባሪም አብሮት አለ።

"ያ ኡስታ፣ በስንት ቁጥር ነው የበሳኸው?"

"ምን አገባሽ?"

"በአሥር ነው የበሳኸው። ፊሸሩ ስምንት ነው። ክብሪት ነው ይህን ሁሉ እንዲሸከም ያደረግከው። ውስጡ ደግሞ ብርጭቆ እንጂ አንድ እፍኝ ዱቄት አልነበረም። እኔ ልግጠመው፣ እናንተ እዩ።"

ሳቀ። "ሴት ግድግዳ ልትበሳ ነው?" አለ ወደ ሲት ኢህሳን ዞሮ። እሷም "ወደ ሥራሽ፣ ያላ!" ልትለኝ አፏን ከፈተች። ሐጃ ቀደሟት።

"የተሰበረው የእኔ በንበር ነው፣ ፈራጇም እኔ ነኝ" አሉ። "ልጅቷ ትግጠመው። ኡስታውም አይሄድም፣ እዚህ ተቀምጦ ያያል።"

መንገድ ዳር ካለው የግንባታ እቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ለስለስ ያለ፣ ጫፉ የሾለ የሚያብረቀርቅ ፑንታ ሰጠኝ። "ይሄ የብረት ነው፤ ጡብ ላይ ሁለት ደቂቃ አይቆይም። ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ምላስ ያለውን የግድግዳውን ስጠኝ" አልኩት። ቅንድቡን ሰቅሎ ቀየረልኝ። ስምንት ቁጥር ፑንታ፣ ስምንት ቁጥር ረዣዥም ፊሸር፣ ለነሱም የሚሆን ብሎን፣ አንድ ሜትር ከምናምን የሚሆን ጠንካራ የእንጨት ሞራሌ ይዤ ተመለስኩ። ሞራሌውን ግድግዳው ላይ አግድም አስሬ ሳጥኑን በእሱ ላይ ልሰቅል ነው፤ አጎቴ እንደዚያ ነበር የሚሠራው።

ከኡስታ ዓዋድ ድሪሉን ተቀበልኩ። ድሪል ሳቀብል ነው የኖርኩት እንጂ በራሴ እጅ የበሳሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ከአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ራቅ ብዬ ምልክት አደረግሁ። ምን ያህል እንደምገባ ለማወቅ ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠመጠምኩ። የሱዳን ቀይ ጡብ ለስላሳ ስለሆነ ድሪሉ እንደ መዶሻ የሚመታበትን አጠፋሁና ዝም ብዬ በማሽከርከር ብቻ ገፋሁ። ግራጫ። ከዚያ ቀይ፣ እስከ መጨረሻው ቀይ። ፊሸሩን ሰካሁ፤ በጣቴ አልገባ አለኝ። በመዶሻ አራት ጊዜ መታሁት። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ።

ሁለተኛውን እንደጨረስኩ ከህረባው ቀጥ አለ፤ መብራት ጠፋ። ኡስታ ዓዋድ "አላህም አልፈቀደም" ብሎ እቃውን ሊሰበስብ ተነሳ። ሐጃ በምርኩዛቸው በሩን ዘጉት። "መብራት እስኪመጣ ማንም አይወጣም፣ ቡሰይና አንቺም ተቀመጪ!"

ሁላችንም ግቢ ወጥተን ጥላ ውስጥ ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ ኡስታ ዓዋድ ወደ እኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ በት፣ አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። እኔ ልጆች አሉኝ፣ አንቺም አገር ቤት የምትረጃቸው አሉሽ። 'ትንሽ አብዝቼ ጭኜበት ነበር' በዪ። እኔም የቀረውን በስምንት አሳምሬ እጨርሰዋለሁ። ሲት ኢህሳን ይቅር ትልሻለች፣ ሁላችንም እንጀራችንን እንበላለን።"

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ አሰብኩበት። ሥራዬ ሊተርፍ ነው። ደሞም ሰውየው ሲለምነኝ አሳዘነኝ። ግን በነጋታው ጀብራ ስለ እኔ የሚያወራው ታየኝ።

"የሌለ ዱቄት አልሸከምም" አልኩት። "አንተ 'ፑንታዬ ጠፍቶብኝ ነው' ብትል ምን ትሆናለህ? ኡስታ እንደሆንክ ትቀራለህ። እኔ ግን ነፍሰ ገዳይ እንደተባልኩ እቀራለሁ።"

መብራቱ ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ። የቀሩትን ሁለት በሳሁ፣ ሞራሌውን በአራት ብሎን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ሁሉም ኩሽናው በር ላይ ተሰብስበው ያዩኛል። ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ሞራሌውን በሁለት እጄ ያዝኩና ወንበሩን በእግሬ ገፍቼ ጣልኩት። ተንጠለጠልኩ። ሞራሌው ንቅንቅ አላለም።

"ያ ኡስታ! ስልሳ ሁለት ኪሎ ነኝ። ስንት ከረጢት ዱቄት ይሆናል?"

ሲት ቡሰይና በመጎናጸፊያዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ኡስታ ዓዋድ ሳጥኑን አንስቶ አብሮኝ ሰቀለ፤ ይህን አልክድለትም።

ሲት ኢህሳን "ኸላስ፣ በቃ፣ ማዕሌሽ። አሁን ወለሉን ጥረጊና እራት ሥሪ" አለችኝ።

"ነፍሰ ገዳይ ያልሽኝ ሲት ቡሰይና እየሰማች ነው። አለመሆኔንም እየሰማች ተናገሪ" አልኳት።

ፊቷ ቀላ። "ማን መሰልሽ አንቺ?" አለች። ወለሉን ጠረግሁ፣ እሱ ሥራዬ ነው። ከዚያ ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ የሐጃን እጅ ስሜ ወጣሁ።

ዴም ስደርስ ክፍሉን የምንጋራው ሩቂያ የሆነውን ሰምታ ራሷን ያዘች። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ! ሥራሽ ተርፎልሽ ይቅርታ ፍለጋ!" ሁለት ሌሊት ጣሪያ ሳይ አነጋሁ። ፈርቼ ነበር፤ ግን አልጸጸተኝም።

በሦስተኛው ቀን ግቢያችን በር ላይ ረክሻ የሚሏት ባጃጅ ቆመች። መጀመሪያ ሐጃ ወረዱ፣ ቀጥሎ ሲት ቡሰይና፣ መጨረሻ ላይ ሲት ኢህሳን። የግቢው ሴቶች ልብስ ማጠባቸውን ትተው ቆሙ። ሲት ኢህሳን መሬት መሬቱን እያየች፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

"ሰዓዳ ምንም አላጠፋችም። ኡስታው ነው ያበላሸው። እኔም ያለ ጥፋቷ ስሟን አጠፋሁ።"

ዕንባዬ መጣ። ሐጃ "ያላ፣ ወደ ቤት" ብለው እጄን ሲይዙኝ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ያልተነገረ ነገር ነበር።

"ያ ሐጃ፣ እኔም የምናገረው አለኝ። ሲገጥመው አይቼ ነበር። እንደሚወድቅም አውቄ ነበር። እርስዎ ከሥሩ ሲቀመጡ አራት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ።"

ሐጃ ብዙ አዩኝ። ይተዉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ፈርተሽ ነው?"

"አዎ።"

"እኛን?"

"አዎ፣ እናንተን።"

ወደ ምራታቸው ዞር አሉ። "ሰማሽ ኢህሳን? ይቺ ደግሞ የኛ ጥፋት ናት" አሉ። እጄን ግን አልለቀቁም።

ተመለስኩ፤ ጦርነቱ እስኪለያየን ድረስ አብረን ኖርን። ዛሬ በማንም ቤት ብሠራ፣ ኡስታም ይሁን እመቤት፣ ያየሁትን እዚያው እናገራለሁ። አፈኛ ነች ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ሲት ኢህሳን እውነቱን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀባት፣ ይቅር ብያታለሁ። እኔ ግን ሰባት ቀን ፈጅቶብኛል።