ጉልበቱ የታሰረው የእንጨት ግመል

ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ ካበቃሁ በኋላ፣ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ። ግቢያችን ውስጥ የተኛ በሬ የሚመስል የሲሚንቶ መቀመጫ አለ። ተማሪው አጠገቡ ፎቶ ይነሳል እንጂ አይቀመጥበትም። እሱን ባየሁ ቁጥር ያደግሁባት የቆቦ ከተማ የእንጨት ግመል ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ ነው። ጎርፍ ከተራራው አንከባሎ ያመጣውን የሾላ ግንድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአጎቴ ለሰይድ ሰጠውና፣ ለገበያተኛው ማረፊያ አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ አዘዘው። አጎቴ በርና አልጋ ሲሠራ የኖረ አናጺ ነው። ግንዱን ግን ሲያየው፣ ውስጡ ግመል የተኛ መሰለው። ጠርቦ ጠርቦ አወጣው፤ አንገቱ ቀና ያለ፣ ጎንና ጎኑ መቀመጫ የሆነ ግመል። እንዲያ ያለ ውብ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ግን ተቆጣ። «ጓድ ሰይድ፣ ወንበር እንጂ ሐውልት መች አልኩህ?»

«ሸክም በመቻል ከግመል ማን ይበልጣል ጓድ?»

«እስከሚቀጥለው ገበያ ሰው ካልተቀመጠበት ይፈለጣል!»

ማንም አልተቀመጠም። በእኛ አገር የሰው ግመል ላይ ዝም ብሎ አይወጣም። ገበያተኛው እያደነቀ ዞሮት ያልፋል። አጎቴን እህል አልወርድ አለው።

የገበያው ዕለት የተጠበሰ የማሽላ እሸት ሽታ አደባባዩን ሞልቶታል። መጥረቢያው ግመሉ አጠገብ ተቀምጧል። ጨው ይዘው የመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ቆም አሉና ግመሉን ዳበሱት።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የአጎቴ ነው አባባ።»

«ጎበዝ ነው። ግን ሳታስሩት ማን ይቀመጥበታል? ይነሳል እኮ!»

ከትከሻቸው ገመድ አውርደው፣ የታጠፈውን የፊት ጉልበቱን ጥፍር አድርገው አሰሩት። ገበያው በሳቅ ፈነዳ።

«በሉ እንግዲህ፣ ከታሰረማ!» ብለው አንዲት እናት ከነማሽላቸው ዘጭ አሉበት። ሌላው ተከተለ። ሊቀመንበሩ ሲመጣ ቦታ አልነበረም።

«እስቲ ጠጋ በሉልኝ» አለና መጥረቢያውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ዳር ቆሞ ያይ የነበረው አጎቴ ፊቱን ወደ ቀበሌው ቢሮ ግድግዳ አዞረ፤ እንባውን እንዳናይበት ይመስለኛል።

ትናንት ከክፍል ስወጣ ነጠላዬን አወረድኩና የሲሚንቶውን በሬ እግር አስሬ ጀርባው ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ደብተሯን አቅፋ ቆማ ታየኛለች።

«እትዬ፣ ይቻላል እንዴ? ሐውልት መስሎኝ።»

«አስሬዋለሁ፣ አይነሳም» አልኳት። «ነይ ተቀመጪ።»