በአፍጢማቸው የተደፉት

ሄስተር ባግናል ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ፣ ብርዱ ለቀቅ ማድረግ ሲጀምር ቤት አያስቀምጣትም። ጓደኛዋን ኦድሪን ከጎኗ አስቀምጣ በዚያች ባረጀች መኪናዋ በእንግሊዝ አገር የሄርፎርድሽርን ገጠር ታካልላለች። ጣሪያው የሰመጠ ጎተራ፣ ሐረግ የዋጠው ወፍጮ ቤት ያዩ እንደሆነ ሳይወርዱ አያልፉም። ሄስተር ከሁሉ የምትወደው ግን እርሻ መሃል ብቻቸውን የቆሙትን ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ነው። በሩ ቢቆለፍባት አትደነግጥም፤ ቁልፉ ከአበባ ማሰሮ ሥር ወይ ከጎረቤት ገበሬ ሚስት ዘንድ እንደማይጠፋ ታውቃለች። ቅስቱንና በዘመን ብዛት የጎደጎደውን ደረጃ በእጇ ዳብሳ ስታበቃ ወደ መቃብሮቹ ትወጣለች። በመጋቢት ዳፎዲል የሚሉት የዱር አበባ በድንጋዮቹ መሃል ቢጫ ራሱን ደፍቶ ይወዛወዛል፤ ከግንቡ ሥር ፈዛዛው የፕሪምሮዝ አበባ ብቅ ብቅ ይላል።

ኦድሪ ጫማዋ ጭቃ በገባ ቁጥር ታጉረመርማለች። «ከሞቱት ጋር ስትጫወቺ ትውያለሽ፤ በሕይወት ያለነውን ሻይ የምትጋብዢን መቼ ነው?»

«እነሱ አይነጫነጩማ!» ትላታለች ሄስተር።

አንድ ዓመት ፋሲካ ሊገባ ሲል፣ ከእንዲህ ያለው ዙረት ሲመለሱ በገዛ መንደራቸው በዊክስተን ቤተ ክርስቲያን በኩል አለፉ። ሄስተር ከግቢው በር ላይ ደርቃ ቀረች። ቆመው ከነበሩት የመቃብር ድንጋዮች ብዙዎቹ መሬት ላይ ተጋድመዋል። ከፊሎቹ በፊታቸው ተደፍተው ዳፎዲሉን ጨፍልቀውታል። በየአንዳንዱ ላይ «አደገኛ ነው፣ አይጠጉ» የሚል ቢጫ ካርቶን በሲባጎ ታስሯል።

ከተደፉት አንዱ የቶማዚን ሊድ ነበር። ቶማዚን በድሮ ዘመን የመንደሩ አዋላጅ የነበረች ሴት ናት፤ ዛሬ ከሷ ወገን አንድም ሰው የለም። ድንጋይዋ ላይ ጉንጩን ነፍቶ መለከት የሚነፋ መልአክ ተቀርጾ ነበር። ሄስተር ልጅ ሳለች ፊት ለፊቱ ቆማ ጉንጯን እየነፋች ታስመስለው ነበር። አሁን መልአኩ አፈር በልቷል።

በቀጥታ መቃብሮቹን ወደሚያስተዳድረው የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ወደ ክሊፎርድ ፐርኪስ ቤት ሄደች። ፐርኪስ ደጁ ላይ መኪናውን ያጥባል። ልጅ ሆኖ አውቶቡሷ ወንበር ላይ ማስቲካ ይለጥፍ የነበረ ሰው ስለሆነ አንቱ ልትለው አልቃጣትም።

«ክሊፎርድ! ቶማዚን ምን አደረገችህ?»

«ቶማዚን ማን ናት?»

«በአፍጢሟ የደፋሃት!»

«እህ፣ ድንጋዮቹን ነው? ሚስስ ባግናል፣ የደኅንነት ጉዳይ ነው እኮ። ሰው ላይ ቢወድቁ ማን ይጠየቃል?»

«ቅድመ አያቶቼ ሳይወለዱ የቆመ ድንጋይ ዛሬ ማን ላይ ሊወድቅ ነው? በጎቹ ላይ?»

«እያንዳንዱን ገፍተን ፈትነናል። የተነቃነቀውን አስተኛነው።»

«አስተኛነው! እሹሩሩ ብላችሁ?»

«እንደሱ አይበሉ እንግዲህ።»

«ያንተ አያትስ? ድንጋዩ ከመጠጥ ቤት እንደወጣ ሰው ዘመም ብሎ ቆሟል። እሱን ገፋችሁት?»

ፐርኪስ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፤ ቶሎም አላወጣውም። «እሱ ቤተሰብ ያለው ነው። ቤተሰብ ያለውን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል።»

ሄስተር ደሟ ፈላ። ዞራ ሄደች። ወደ መቃብሮቹ ተመልሳ ስሞቹን አንድ በአንድ አየች። ከተጋደሙት ውስጥ በመንደሩ ጠያቂ ያለው አንድም አልነበረም። ጠያቂ ያላቸው ዘመም ቢሉም ቢሰነጠቁም እንደቆሙ ናቸው። የፐርኪስን አያት ድንጋይ በመዳፏ ነካ ብታደርገው እንደሚወልቅ ጥርስ ተወዛወዘ። ያን ጊዜ ከቶማዚን ድንጋይ ላይ ቢጫውን ካርቶን ፈታችና እዚያ አሰረችው።

«ሄስተር፣ ተይ!» አለች ኦድሪ።

«ምን አጠፋሁ? ለደኅንነት ነው።»

በማግስቱ ፋሲካ ነበር። ሰው ሁሉ አበባ ይዞ ሲገባ ካርቶኑን አየ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፤ ከቅዳሴው በኋላ መንደርተኛው በሙሉ ድንጋዩን ከበበ። ፐርኪስ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ደረሰ።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«የኔ ነው» አለች ሄስተር። «ግፋው እስቲ። እንደ ሌሎቹ ፈትነው።»

ፐርኪስ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ድንጋዩን የነካችው የደብሩ ቄስ የሆነችው ማሪዮን ናት፤ ልብሰ ተክህኖዋን እንኳ አላወለቀችም። ድንጋዩ ሲወዛወዝ ሁሉም አየ።

«ክሊፎርድ» አለች ማሪዮን፣ «ድንጋዮቹን ለማስተኛት ከጳጳሱ ቢሮ ፈቃድ አለን ብለኸኝ አልነበር? ማን ነው የፈቀደው?»

«ልንጠይቅ… አስበን ነበር።»

«አልጠየቃችሁማ!»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሳይውል ሳያድር አለቀ። ድንጋይ ጠራቢ መጥቶ የተጋደሙትን በዲጂኖና በገመድ እያነሣ መልሶ ተከላቸው፤ የፐርኪስንም አያት አቃና። የቶማዚን ድንጋይ ሲነሣ ግን ከወገቡ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የመልአኩ አንድ ጉንጭ ተፈርፍሮ አፈር ውስጥ ቀረ። ከሥሩ የነበረው ዳፎዲል ብርሃን እንደናፈቀው የጓዳ ሽንኩርት ነጥቶ ተንጋዷል።

ሄስተር ጎንበስ ብላ ስታየው ፐርኪስ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። «ለከርሞ ይበቅላል።»

«አበባው ይበቅላል» አለች ሄስተር ዞር ሳትል። «ጉንጩስ?»

ጥቂት ሰንብቶ የመንደሩ ወርኃዊ ጋዜጣ ወጣ። ኦድሪ ሻይዋን እየጠጣች ጮክ ብላ አነበበችላት፦ «ኮሚቴው የጥንት መቃብሮቻችንን ለማደስ ስላደረገው ያልተቆጠበ ጥረት፣ ለሚስተር ፐርኪስ ልባዊ ምስጋና…»

«ዝለይው!» አለች ሄስተር፤ ሲኒዋን ስታስቀምጥ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ስብሰባ እንደ ጥርስ ሕመም የምትጠላው ሄስተር በዚያው ሳምንት ለኮሚቴው ምርጫ ተወዳደረች። አሸነፈች። ዛሬ በየስብሰባው ከፐርኪስ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። እሱም ስለ መቃብሮቹ አንድ ነገር ሊናገር ሲል አስቀድሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያታል። እሷ አንድም ቀን ፈገግ ብላለት አታውቅም።