ስሟ በኤክስ ይጀምራል

ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪዎችን ከሰዓት ከሰዓት አዳማ ወደሚገኘው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ይልከን ነበር፤ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆችን ኮምፒውተር እንድናለማምድ። እኔ ወድጄ አልሄድኩም። ተመደብኩ፣ ሄድኩ። ሙቀቱ፣ ባጃጁ፣ መብራት ሲጠፋ ልጆቹ «ኡፍ» ማለታቸው፤ ከዚያ ዓመት ሌላ ብዙ የቀረልኝ ነገር የለም።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን አለች። ከደራ መጥታ አክስቷ ጋ ነበር የምትኖረው። አክስቷ ቤቱ እንደጠበባቸው ነግረዋታል፤ የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ፈተና ካለፈች እሰየው፣ ካልሆነ ወደ እናቷ። እናቷ ደራ ገበያ ላይ ጉሊት ይቸረችራሉ። «አንዴ ጉሊቱ ላይ ከተቀመጥኩ አልነሳም ቲቸር» ብላኛለች። ራሴ ተማሪ ሆኜ ቲቸር ነበር የምትለኝ።

ስሟ በጠ ይጀምራል። በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ጠ ማለት ኤክስ ነው፤ የትምህርት ቤት መታወቂያዋም ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። እኛ በአማርኛ ያደግነው ደግሞ በቲ እንጽፈዋለን። አብሮኝ የሚያለማምደው ልጅ፣ ካልቀለደ የሚያመው ነገር፣ መታወቂያዋን አየና «አንቺ፣ ገና ሳትፈተኚ ኤክስ አደረጉብሽ እኮ» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ክፋት አልነበረውም፤ ቀልዱ እንዲያውም ጥሩ ቀልድ ነበር።

የፈተናው ቀን ሁለታችን ሸኘናት። በሩ ላይ የቆሙት ሰውዬ መታወቂያዋንና በኢንተርኔት የተመዘገበችበትን ወረቀት ጎን ለጎን አስተያዩ። መታወቂያው ላይ ኤክስ፣ ወረቀቱ ላይ ቲ። ስሟን በኦሮምኛ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው፣ እሳቸውም ደገሙት።

«ሲጠሩት አንድ ነው ልጄ። ሲጻፍ ግን ሁለት ሰው ነሽ» አሏት።

ስትመዘገብ ለምን እንደቀየረችው ጠየቅኳት። «ኤክስ ደስ አይልም» አለች መሬት መሬት እያየች። ቀልደኛው ይሄን ሲሰማ ሰውዬውን ይለምን ጀመር፤ «ጋሼ፣ በእኔ ቀልድ የመጣ ነው፣ እሷ ምን አጠፋች»። ሰውዬው አዘኑ፣ ወደ ውስጥም ደወሉ። ሲስተሙ አይቀበልም ተባለ። ፈተናው በዚያ ዓመት ስምንተኛን ለሚጨርሱ ብቻ ስለሆነ የከርሞ ነገርም የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእሷ በር ላይ ቀረ።

አላለቀሰችም። እኔ የማለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ምንም አልመጣም። ደንዝዤ ነበር። አሁንም ስለዚያ በር ሳስብ የሚሰማኝ ነገር ቢኖር ድካም ነው። ዛፍ ጥላ ሥር ቆመን ባጃጅ ጠበቅን።

ክረምቱ አልፎ በቴሌግራም «ጠፋሽ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ሰው እንደሚለው ነው፣ ሌላ የምለው አጥቼ። በላቲን ፊደል ነበር፣ በቲ። ምሳዬን በልቼ ስጨርስ መልሷ መጣ። እሷም አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የጻፈችው፤ ጠን ግን በኤክስ።

«አልጠፋሁም ቲቸር። ደራ ነኝ።»