ከአንድ ስንዝር በታች

የበደለኝ ወንድሜ ታረቀኝ ነው። የበደለኝም አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ መሬት የተካፈልን ዕለት፣ በሽማግሌ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ነገሩ ሳወራው እየተምታታብኝ ስለሚሄድ ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ የበዳዩ ስም እንኳ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ታረቀኝ ታመመ። ሚስቱ ሙሉ ደወለችልኝና፣ ዐይኑ በር በሩን እያየ እንደሆነ፣ ይቅር በዪኝ እንደሚለኝ ነገረችኝ። ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ወዲህ፣ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር፣ ከእሱ ጋር አንድ ገበታ ቀርቤ አላውቅም። ቢሆንም ሁለት ቀን አስቤ፣ ስኳርና ብርቱካን ገዝቼ በሚኒባስ ተሳፈርሁ። ይቅር እለው እንደሆነ ግን ለራሴም አልነገርሁትም።

አማኑኤል ከተማ ወርጄ ወደ መንደራችን የሚወስደውን የእግር መንገድ ስጀምር፣ ጥቂት ገበሬዎች ከማሳ ዳር አንድ ጉድጓድ ከበው ቆመው አየሁ። ያስቆፈረው የግብርና ባለሙያ ነው። ሰው ተሰብስቦ አይቼ ማለፍ አይሆንልኝምና ተጠጋሁ። ጉድጓዱ ወገብ ያህል ይሆናል፤ ጎኑ በቢላ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ልስልስ ብሎ ተላጭቷል። ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ጥቁር ቡናማ፣ ፍርፍር የሚል አፈር አለ። ከሥሩ ግን ግራጫ የሆነ፣ እንደ ሲሚንቶ የተለሰነ ድፍን ነገር ተዘርግቷል። የጤፉ ሥር እዚያ ድረስ ወርዶ፣ መግቢያ ሲያጣ ወደ ጎን ታጥፎ ሄዷል። ባለሙያው የብረት ዘንግ ከላይ ሲሰካ ዘንጉ በቀላሉ ሰመጠ፤ ግራጫው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ያን ነገር በዐይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን በራሴ ማሳ፣ እንዲህ ባለው ላይ ዘርቻለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ደምበጫ የተዳርሁለትን ባል ትቼ፣ የአንድ ዓመት ሴት ልጄን አዝዬ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። ለምን እንደ ተውሁት የእኔ ጉዳይ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። እናታችን ቀድማ አልፋለች። አባታችን ሲሞት የቀረነው ታረቀኝና እኔ ብቻ ነበርን። ገበሬ ማኅበሩ የአባታችንን መሬት ለሁለት እንድንካፈለው ፈቀደ፤ ሽማግሌዎችም ተቀመጡ። መሬቱ ካበላኝ በራሴ ጎጆ እኖራለሁ። ካላበላኝ ወደ ደምበጫ እመለሳለሁ። ይህን እኔም፣ ታረቀኝም፣ ሽማግሌዎቹም እናውቅ ነበር።

ማሳው ሁለት ነው። አንዱ ተረተሩ ላይ ነው፤ ቀይ፣ ድንጋያም፣ ያዘመመ። ሁለተኛው ከወንዙ በላይ ሜዳው ላይ ነው፤ ጠጠር እንኳ የማይታይበት፣ ከዝናብ በኋላ ቅቤ የተቀባ የሚመስል። ሽማግሌዎቹ ለዕጣ የሚሆን እንጨት መቁረጥ ሲጀምሩ ታረቀኝ ከለከላቸው። ዕጣ ለባዳ ነው አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረና፣

«ምረጪ፣ እታለም። ያልወደድሽውን ለእኔ ተይልኝ» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ መረቁት። እንዲህ ያለ ወንድም ይብዛ አሉ። እኔም ሜዳውን መረጥሁ። ማንም ቢሆን ሜዳውን ይመርጥ ነበር። አፈሩን አንስቼ በመዳፌ አሸሁት፤ አሸተትሁት። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። መሬትን የምናውቃት ከላይ ነው።

ያረሰልኝ ራሱ ታረቀኝ ነው፤ ከምርቱ ሲሶውን ሊወስድ ተስማምተን። በመጀመሪያው ክረምት ጤፉ ጥሩ በቀለ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያይል ግን ውሃው አልሰርግም ብሎ ማሳው ላይ ተኛ። እንቁራሪት ሲጮህበት ያድራል። ጤፉ ቢጫ ሆነ። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ያው ጤፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጥማት ደረቀ። የተረተሩ ገብስ ግን እንደ ለመለመ ነበር። አንድ መሬት በአንድ ወቅት እንዴት በውሃም በጥማትም ይሞታል? ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ቆሜ የማስበው ይህንኑ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒቱን ያውቃል። ጤፍ እርሻ ይወዳል፣ ደጋግመሽ አሳርሺው አሉኝ። በሁለተኛው ዓመት ሰው አራት ጊዜ የሚያርሰውን እኔ ስድስት ጊዜ አሳረስሁት። ለእያንዳንዱ እርሻ ጠላ ጠመቅሁ፤ የባቄላ ንፍሮ ቀቀልሁ። እኔና ልጄ ከንፍሮው የተረፈውን በላን።

ሐምሌ ገባ። በእኛ ዘንድ የጤፍ መሬት ከመዘራቱ በፊት በከብት ይረገጣል። ልል አፈር ላይ ጤፍ አይዝም፤ አረሙም ይበዛል ይባላል። እኔ አንዲት ጊደር እንኳ አልነበረኝም። ታረቀኝ ሳልጠይቀው የራሱንና የጎረቤቱን ከብት፣ ሁለት በቅሎና ሦስት አህያ ጨምሮ፣ እየነዳ መጣልኝ። ካፊያ ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር ማሳውን እያዞራቸው ዋለ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። እኔ ትኩስ የገብስ ቂጣ ይዤ ዳር ላይ ቆሜ አለቀስሁ። በደስታ ነው ያለቀስሁት። ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን የሆነ ነገር ነው።

ያ ዓመት ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ሦስተኛውም እንደዚያው፤ ስድስት እርሻ፣ የከብት ረገጣ፣ እንቁራሪት። በሦስተኛው ዓመት ያገኘሁትን ጤፍ በአንዲት አህያ ጫንሁት፤ አህያዋ ዳገቱን ስትወጣ እንኳ አላላባትም።

በዚያው ሰሞን ታረቀኝ ጎጆዬ መጣና ምሰሶውን ተደግፎ ተቀመጠ። መሬቱን እሱ እንዲይዘው፣ እኔም ከነልጄ እሱ ቤት ገብቼ ከሙሉ ጋር እንድኖር ነገረኝ። እምቢ ስለው፣ ደምበጫ ያለው ባሌ እስካሁን ሌላ እንዳላገባ አስታወሰኝ። እያዘነ ይሁን እያስፈራራ፣ ድምፁን ዛሬ ሳስታውሰውም አልለየውም። መሬቱን በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት ለቀቅሁለት። ደምበጫም፣ እሱ ቤትም አልገባሁም። ልጄን አዝዬ ደብረ ማርቆስ ሄድሁና አንድ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆንሁ።

በዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ስመጣ ያ ማሳ ነጭ ሆኖ ነበር። ግብጦ አብቦበታል። ግብጦ መራራ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ቀናት ካልሰነበተ ሰው አይበላውም፣ ከብትም አይነካውም። አቅም የሌለው ሰው መሬቱን አንዴ ጭሮ የሚበትነው ዘር ነው። አየሁትና ደስ አለኝ፤ እሱም ወደ ግብጦ ወረደ ብዬ። በሚቀጥለውም ዓመት ግብጦ ዘራ። በሦስተኛው ዓመት፣ ለዚያው ለሚካኤል ስመጣ ግን ጤፍ ነበር። ያው ማሳ ነው። ጤፉ ወገቤ ደርሶ፣ ራሱ ከብዶት ተኝቷል።

ታረቀኝ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ግብጦ እንደሚያድነው ታውቅ ነበር?» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ አንድ ዘለላ ቀነጠሰና በጣቱ ፈተገ። «ነግሬሽ ነበር እኮ» አለ።

«መቼ?»

«ሽማግሌዎቹ ባሉበት። ተሳሳቅን እንጂ።»

እዚህ ላይ ብተወው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ነግሮኛል። መሬት የተካፈልን ዕለት፣ እኔ ከመረጥሁ በኋላ፣ ለሽማግሌዎቹ ጠላ እየተቀዳ ሳለ ታረቀኝ ሜዳውን በአገጩ እያሳየ፣ «ለዚህችስ ግብጦ ነው የሚሻላት። ለብቻዋ ላለች ሴትም አይከብድም» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ባል ፈትቼ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ በሰው ፊት የድሃ ዘር ዝሪ ተባልሁ። «ግብጦውን አንተው ቆርጥም፤ እኔ ጤፍ እበላለሁ» አልሁት። ያን ጊዜ ለእኔም ሳቁልኝ። ከዚያ ወዲያ የግብጦን ስም አንስቶብኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ እረስ ስለው አረሰ፤ ያላልሁትንም ከብት ነድቶ ረገጠልኝ።

ምክር ነበር ወይስ ፌዝ? ምክር ከሆነ፣ እህቱ ስትራብ አንድ ቀን እንኳ ለብቻዋ ጠርቶ ለምን አልደገመላትም? ፌዝ ከሆነ፣ በኋላ ራሱ ለምን ዘራው? ዐርባ ዓመት አካባቢ የሆነውን ይህን ነገር ስገለብጠው ኖሬአለሁ።

አማኑኤል አጠገብ፣ ከዚያ ጉድጓድ ዳር የቆመው ባለሙያ ደግሞ ነገሩን ይብሱን አወሳሰበብኝ። ግራጫው ንጣፍ እንዲሁ የተፈጠረ አይደለም አለ። ማረሻ ዓመት ከዓመት እዚያው ጥልቀት ላይ እየፋቀ፣ ከብትም በእርጥቡ እየረገጠ የሚጠፈጥፉት ነው። ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዘር፣ እንደ ግብጦ ያለው፣ ይበሳዋል። ስድስት ጊዜ ያሳረስሁት እኔ ነኝ። ስለ ከብቱ ረገጣ ያለቀስሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ታረቀኝ የሰጠኝ የታመመ መሬት ነው ወይስ ያሳመምሁት እኔ?

ገበሬዎቹ ሲበተኑ ባለሙያውን ጠየቅሁት።

«ልጄ፣ የሚያርስ ሰው ሳይቆፍር ይህን ያውቀዋል?»

«እንዴታ እናቴ። ማረሻው ሲፍቀው እጁን ይነዝረዋል። ስም ባያወጣለትም ያውቀዋል።»

አጠገቡ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሰሙትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ ይነዝራል» አሉ። «እኛ ግን የሁሉም ሰው ማሳ እንደዚያ የሚነዝር ይመስለን ነበር።»

አንደኛውን ስሰማ ቂሜ ትክክል ነበር። ሁለተኛውን ስሰማ ወንድሜ ንጹሕ ሰው ነበር። በመካከላቸው የአንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ እንኳ አልነበረም። ታረቀኝ ይቅር በዪኝ ሲል ምኑን እንደሆነ አልተናገረም፤ ሙሉም አልጠየቀችውም። ሰው ይቅር የሚለው የሚያውቀውን ነገር ነው። እኔ የማውቀው እዚያ ጉድጓድ ዳር ከመቆሜ በፊት የነበረውን ነው፤ እሱም እጄ ላይ ፈርሷል። ሄጄ ብጠይቀው ይመልስልኝ ነበር ይሆናል። የሚሞት ሰው መልስ ደግሞ ይታመናል፤ የፈራሁትም እሱን ነው።

ከጉድጓዱ እስከ ታረቀኝ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ስኳሩንና ብርቱካኑን ለሙሉ እንዲያደርሱልኝ ወደዚያው ለሚያልፉት ለሽማግሌው ገበሬ ሰጠኋቸው። አስፋልቱ ላይ ወጥቼ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመለስ መኪና አስቆምሁና ተሳፈርሁ። ታረቀኝ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ቀብሩ ላይ ተገኘሁ። ለተዝካሩ አልሄድሁም።